የሻጭ ምላስና የገዢ ይሉኝታ

በግ ሊገዛ የወጣ ሰው ላቱን ሳይጨብጥ፥ ጀርባውን ሳይዳስስ ገንዘቡን አይቈጥርም። ቅቤ የምትገዛ እናት በጣቷ ቈንጥራ ታሸታለች። ሸማ የሚገዛ ሽማግሌ ጥለቱን ገልብጦ ወደ ብርሃን ያነሣዋል። ሻጩ የቱን ያህል ቢለፈልፍ የገዢው ጣትና አፍንጫ የራሳቸውን ይመሰክራሉ። በአገራችን ገበያ ክርክር የተከበረ ወግ ሆኖ የኖረውም ስለዚህ ይመስለናል፤ ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩበትን ዕቃ ያውቁታልና።

ከመካከላችን አንዱ ለኮምፒዩተሩ ራም ወይም ባትሪ ሊገዛ መርካቶ ወይም መገናኛ ሲወርድ ግን ይህ ሚዛን ይፈርሳል። ከመስተዋቱ በስተጀርባ የተደረደረው ዕቃ አይሸተትም፥ ተዳስሶም አይታወቅም። አሮጌው ከአዲሱ፥ እውነተኛው ከሐሰተኛው በዐይን አይለይም። ዕውቀቱ በሙሉ በሻጩ ዘንድ ነው፤ በገዢው ዘንድ ያለው ገንዘብ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ደግሞ ምላስ ይነግሣል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1970 ባሳተመው ጥናቱ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ይህንኑ አስረድቷል፤ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው በማያውቅበት ገበያ መጥፎው ዕቃ መልካሙን እየገፋ ያስወጣዋል። በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሦስት ሊቃውንት አንዱ ለመሆን ያበቃውም ይኸው ዐይነት ምርምር ነው።

ስለ አገርና ስለ ትምህርት የሚጻፍ ሞልቶ ሳለ በተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ራምና ስለ ቻርጀር መጻፍ ምን ይረባል? የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ብዕር እንደሌለው ተማሪ ነው። የቤት ሥራው፥ የመመረቂያ ጽሑፉ፥ ለሥራ የሚያስገባው ማመልከቻ ሁሉ በእርሱ ላይ ነው። መሣሪያውም የሚገዛው አባት በሬ ሸጦ፥ እናት ዕቁብ ደርሷት፥ ወይም በዐረብ አገር የምትሠራ እኅት ከደመወዟ ቀንሳ በላከችው ገንዘብ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሳይቈይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በዚያው ልክ ከበደ። ስለዚህ አንድ የማይሠራ ዕቃ ገዝቶ የተመለሰ ተማሪ የጠፋበት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ሴሚስተሩም አብሮ ይጠፋበታል።

እንግዲህ አጣዳፊ ሻጭ የሚጠቀምባቸውን ዘዴዎች አንድ በአንድ እንመልከት። ብዙዎቻችን ደጋግመን ሰምተናቸዋልና አዲስ አይሆኑም፤ ነገር ግን ተሰብስበው ሲታዩ መልካቸው ይገለጻል።

የመጀመሪያው «ስንት ይዘሃል?» የሚለው ጥያቄ ነው። የምንፈልገውን ሳይሰማ፥ መሣሪያችን ምን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ በኪሳችን ያለውን ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የመለሰ ገዢ ክርክሩን ሳይጀምር ጨረሰ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የዕቃው ዋጋ በኪሱ ያለው ገንዘብ ይሆናልና። መልካም ሻጭ «ለምን ሥራ ነው የምትፈልገው?» ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያ ጥያቄው ኪሳችንን ወይስ ሥራችንን እንደሚመለከት ማስተዋል ሻጭን ከሻጭ ለመለየት ከሁሉ የቀለለው መንገድ ነው።

ሁለተኛው ማጣደፍ ነው። «አንድ ብቻ ነው የቀረው»፥ «አሁን ሰው ቀብድ ሊከፍልበት ነው»፥ «ዶላር ጨምሯል፥ ነገ በዚህ ዋጋ አታገኘውም» ይባላል። ይህ ንግግር አንዳንድ ጊዜ እውነት አለበት። የምንዛሪውን ነገር ከላይ ተናግረናል፤ በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወራትም በዓለም ገበያ የሜሞሪ ዋጋ በጣም ወጥቶ ነበር። ነገር ግን ዋጋ ነገ ቢጨምር እንኳ ጭማሪው የማይስማማ ዕቃ ዛሬ ከመግዛት ይልቅ የረከሰ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ገበያ የተነገረ ይመስላል።

ሦስተኛው በስም ማስደንገጥ ነው። «ኮር አይ 7 ነው» ይላል፥ ነገሩም ያለቀ ይመስላል። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን እንደሚያስረዱን ግን ይህ ስም ብቻውን ምንም አይናገርም። ዋናው ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቍጥር ነው፤ 2620 ቢል ሁለተኛ ትውልድ፥ 8250 ቢል ስምንተኛ ትውልድ፥ 1135 ቢል ዐሥራ አንደኛ ትውልድ ማለት ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2011 የወጣው የላፕቶፕ ኮር አይ 7-2620 ሁለት ኮር ብቻ ያለው ሲሆን፥ በ2017 የወጣው ኮር አይ 5-8250 አራት ኮር አለው። በስሙ «ታናሽ» የሆነው በሥራ ታላቁን ይበልጠዋል። ከዚህም በላይ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 በነጻ ሲሰጥ የነበረውን ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኩባንያው ለዊንዶውስ 11 የተቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። እንግዲህ አሮጌው «አይ 7» በጥድፊያ የሚሸጥልን ለምን እንደ ሆነ ከዚህ መገመት አይቸግርም።

አራተኛውና ከሁሉ የከፋው ብሎን መፍታት ነው። ተማሪው ራም ሊያስጨምር ይሄዳል። ባለሱቁ «እስቲ ልየው» ብሎ ላፕቶፑን ተቀብሎ ጀርባውን ይከፍታል። ክዳኑ ወዲያ፥ ባትሪው ወዲህ ከሆነ በኋላ ስለ ዋጋ መነጋገር ይጀመራል፤ «ሀርድ ዲስኩም ሊሞት ነው፥ ማዘርቦርዱም ተቃጥሏል» የሚል አዲስ ነገርም ይመጣል። መሣሪያው በሌላ ሰው እጅ ተበትኖ ሳለ የሚደረግ ክርክር ክርክር አይባልም። ስለዚህ ዋጋ ሳይቈረጥ ብሎን አይፈታ።

አምስተኛው ማከል ነው። ባትሪ ለመግዛት የሄደ ሰው አንቲቫይረስ፥ ማቀዝቀዣ፥ ቦርሳ አስይዘው ይመልሱታል። ለምሳሌ ያህል ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 የራሱን የቫይረስ መከላከያ ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅ ገዢ ለአንቲቫይረስ ሌላ ገንዘብ ለመክፈል አይቸኩልም።

እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ኃይል የሚያገኙት ከየት ነው? ከሻጩ ብልኀት ብቻ ነው ብንል ለራሳችን ማድላት ይሆናል። ሻጩ ይሉኝታችንን ያውቃል። ሱቅ ገብቶ ዐሥር ደቂቃ ለቈየ፥ ሦስት ዕቃ ከመደርደሪያ ላወረዱለት፥ «ወንድሜ» እየተባለ ሻይ ለታዘዘለት ተማሪ ባዶ እጁን መውጣት እንደ ነውር ይታየዋል። ይሉኝታ በቦታው መልካም ጠባይ ነው፤ በታላላቆች ፊት ድምፃችንን ዝቅ የሚያስደርገን፥ ለጎረቤት ሐዘን የሚያደርሰን እርሱ ነው። ነገር ግን ይሉኝታ ለውለታ የሚከፈል ነው። ዕቃ ማሳየት ደግሞ የሱቅ ሥራ እንጂ ውለታ አይደለም።

ሌላው ድካም «አላውቅም» ማለትን መፍራት ነው። በተለይ በኪነ ጥበባት ፋኩልቲ ያለን ተማሪዎች «ዲዲአር 4 ነው አይደል የምትፈልገው?» ስንባል ራስ መነቅነቅ ይቀናናል። ስለ ቅኔ ሰምና ወርቅ ሲጠየቅ የማይሸማቀቅ ተማሪ ስለ አንድ የፕላስቲክ ቍራጭ አላውቅም ለማለት ለምን ያፍራል? ጠይቆ የሚያስረዳውን ያጣ ገዢ ቢያንስ ከዚያ ሱቅ መውጣት እንዳለበት ያውቃል።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንበል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዐይነት በቂና ትክክለኛ መግለጫ የማግኘት፥ አማርጦ የመግዛት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዕቃውን ስለ ተመለከተ ወይም በዋጋው ስለ ተከራከረ ብቻ እንዲገዛ አይገደድም። በነጋዴው ዘንድም በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ፥ ከስድብና ከዛቻ መጠበቅ ይገባዋል። የተገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበትም ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ከዚያም በፊት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ መሆኑን፥ ገዢውም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን እንዲያስታውቅ ጽፎ ነበር። በየሱቁ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፥ አይለወጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እናያለን። ያ ወረቀት የባለሱቁ ምኞት ነው፤ አዋጅን አይሽርም።

ዳሩ ግን መብት ያለ ማስረጃ ከቃል አያልፍም። ማስረጃው ደረሰኝ ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚለው ንግግር እዚህ ላይ ትርጕሙ ይገለጻል። የሚቀነስልን 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ይመስለናል፤ አብሮ የሚቀነሰው ግን ነገ ተመልሰን ለመጠየቅ ያለን አቅም ነው። መንግሥት ቀረጡን ያጣል፥ እኛም ዋስትናችንን እናጣለን፤ የሚያተርፈው አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ በጉን እንዴት እንዳስሰው? ነገሩ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። ከቤት ሳንወጣ የመሣሪያችንን ሙሉ ስምና ሞዴል በወረቀት እንጻፍ። በዊንዶውስ ላይ ታስክ ማናጀር የሚባለውን ብንከፍት የራሙን መጠንና ፍጥነት፥ ስንት ቦታም እንደ ተያዘ ያሳየናል። የዲዲአር 3ና የዲዲአር 4 ራሞች ጥርሳቸው የተቈረጠበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ «ግድ የለም፥ ይሠራል» የሚል ቃል ይህን አይለውጠውም። አንዳንዱ ላፕቶፕ ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለ ሆነ ከቶ አይጨመርበትም፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ መንገድ ያድናል። ቻርጀር ስንገዛ ቮልቱ ከአሮጌው ጋር እኩል፥ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ፥ ጫፉም የሚገጥም ይሁን፤ ቍጥሮቹ በጀርባው ላይ ተጽፈዋል።

ያገለገለ ዲስክ ሲሆን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ስንት ሰዓት እንደ ሠራና ጤንነቱን ያሳያል። ስለ ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ሪፖርት ያወጣል፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው ጐን ለጐን ተጽፈው ይታያሉ። ፍላሽ ዲስክን በተመለከተ ከሁሉ ይበልጥ እንጠንቀቅ። በላዩ 2 ቴራ ባይት ተብሎ የተጻፈበትና በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ በውስጡ ጥቂት ጊጋ ባይት ብቻ ይዞ ለኮምፒዩተሩ ሐሰተኛ ቍጥር እንዲናገር የተደረገ ሊሆን ይችላል። ልኩ ሲያልፍ የምናስቀምጠው ጽሑፍ ይበላሻል ወይም የቀድሞውን ያጠፋዋል፤ እኛ የምናውቀው ግን ፋይሉን ልንከፍት ስንፈልግ ነው። የአራት ዓመት ድካም የሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ማኖር አይገባም። ፍላሹን እስኪሞላ ጽፎ መልሶ በማንበብ የሚፈትኑ ነጻ ፕሮግራሞች አሉና በዚያ ሳይፈተን አንመነው።

አንድ ሌላ ምክር እንጨምር። አዝጋሚ ለሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ የሚረባው አዲስ መሣሪያ መግዛት ሳይሆን የሚሽከረከረውን ሀርድ ዲስክ በኤስ ኤስ ዲ መለወጥ ነው። ይህን በራሱ አፍ የሚነግረን ሻጭ ካገኘን ስልኩን እንያዝ፤ ትርፉ አነስተኛ የሆነውን መንገድ ያሳየን ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ሊታመን ይገባዋልና።

ስለ እኅቶቻችንም ሳንናገር ማለፍ አንወድም። ሴት ተማሪ ሱቅ ስትገባ «የኔ ቆንጆ» እየተባለች፥ የጠየቀችው ሳይመለስላት ሌላ ዕቃ ይቀርብላታል። ወንድ ጓደኛዋ አብሯት ቢሄድ ደግሞ ዕቃውን የምትገዛው እርሷ ሆና ሳለ ሻጩ የሚያስረዳው ለእርሱ ነው፤ እርሱ ከእርሷ ያነሰ የሚያውቅ ቢሆንም እንኳ። እንዲህ ሲሆን አብሮ የሄደው ወንድም መልስ ከመስጠት ተቈጥቦ «እርሷን አስረዳት» ቢል ትልቅ ነገር ሠራ እንላለን።

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ነጋዴን ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም። ከመደርደሪያው ኋላ የቆመው ወጣት ብዙ ጊዜ ሱቁ የእርሱ አይደለም፤ እንጀራው በሸጠው ልክ በሚያገኘው ኮሚሽን ላይ የቆመ ነው። ከዚሁ ግቢ ዲግሪ ይዞ ወጥቶ ሌላ ሥራ ያጣም ይገኝበታል። ነገ ከእኛ መካከል እዚያ የሚቆም ይኖራል። ስለዚህ ስንከለክለው በአክብሮት ይሁን። «እግዜር ይስጥልኝ፥ ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ማለት ይበቃል፤ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ ምክንያት በተደረደረ ቍጥር ለእያንዳንዱ መልስ ተዘጋጅቶ ይጠብቃልና። «ዞረህ የትም አታገኘውም» ቢለን ፈገግ ብለን መዞር ነው። ዕቃውን አብርቶ፥ ፈትኖ፥ ደረሰኝ ቈርጦ የሚሸጥ ነጋዴም አለ። የእርሱ ጠላት አጣዳፊው ነጋዴ ነው። እኛ ለምላስ በተሸነፍን ቍጥር በእውነት የሚሠራው ሰው ገበያ ያጣል፤ አከርሎፍ ያስረዳውም ይህንኑ ነበር።

በመጨረሻ ለተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት አሳብ እናቀርባለን።

ሀ) በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ መዝገብ ይከፈት። የገዛ ተማሪ ሁሉ የዕቃውን ዐይነት፥ የከፈለውን ዋጋ፥ ቀኑን፥ ደረሰኝ መቀበሉንና ዕቃው ከአንድ ወር በኋላ መሥራት አለመሥራቱን ይጻፍበት። የማንንም ሱቅ ስም ማጥፋት እንዳይሆን ስም አይጻፍ፤ ዋጋው ብቻውን ብዙ ይናገራል። የሰፈሩን ዋጋ የሚያውቅ ገዢ «ስንት ይዘሃል?» ሲባል አይደነግጥም።

ለ) ከቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ፈቃደኛ የሆኑ ወንድሞችና እኅቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚገዙ ጓደኞቻቸው ቢሸኙ፥ የመፈተኛ ፕሮግራሞቹም የተጫኑበት አንድ ፍላሽ በማኅበሩ ቢቀመጥ። እኛ የኪነ ጥበባት ተማሪዎችም ብድሩን ለመመለስ የመመረቂያ ጽሑፋቸውንና ማመልከቻቸውን በማረም ልንረዳቸው ዝግጁ ነን።

ሐ) የአዋጁ የሸማቾች መብት ክፍል በአንድ ገጽ ተባዝቶ በየመኝታ ቤቱ ይለጠፍ። በየሱቁ ግድግዳ ላይ የእነርሱ ወረቀት ካለ በእኛም ግድግዳ ላይ የእኛ ይኑር።

መዝገቡ አንድ ደብተርና አንድ እስክርቢቶ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም። የሚቀጥለው ሴሚስተር ሲከፈት፥ አዲስ ገቢ ተማሪዎችም ከየቤታቸው ያመጡትን ገንዘብ ይዘው ወደ ገበያ ከመውረዳቸው በፊት ተጽፎበት ቢያገኙት ምኞታችን ነው።